ለቤት ሠራሽ አንቴና ተሰኪ የአልሙኒየም ቱቦ መቁረጥና ማሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ላይ ለኤፍ ኤም መስሚያም ሆነ ለአማተር ራዲዮ (ግለሰቦች በትርፍ ጊዜያቸው እርስ በርስ ለሚገናኙበት ራዲዮ) አንቴና በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ተሰኪ ቱቦ ምንድን ነው? አንድ ወጥ ቱቦ ለምን አይበቃም?

አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ የሚንሸራተት ቱቦ ነው። የትንሽ ራዲዮ አንቴና ስትስቡት የሚረዝመው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ የምንሠራው ግን ወፈር ይላል፤ ልኩ ከተገኘ በኋላም ታስሮ ይቀራል።

ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ርዝመቱን ከሠራችሁት በኋላ ማስተካከል ትችላላችሁ። አንዴ የተቆረጠ ወጥ ቱቦ አይመለስም፤ የሚንሸራተተው ግን ይወጣል፣ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከመሃል ወፍሮ ወደ ጫፍ የሚቀጥን ክንድ ቀላል ነው፤ አይጎብጥም፤ ነፋስም ብዙ አይገፋውም። ክንዱ ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ወጥ ቱቦም ይበቃል። ከሁለት ሜትር ካለፈ ግን ወጥ ቱቦ አልመክርም።

ስንት ሜትር ቱቦ ያስፈልገኛል?

ለተራ ዳይፖል፣ ማለትም ከመሃል ግራና ቀኝ ሁለት እኩል ክንድ ላለው አንቴና፣ 143ን በምትፈልጉት ጣቢያ ሜጋኸርዝ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የሁለቱ ክንዶች ድምር ነው፣ በሜትር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ለሚፈልግ ሰው 1.47 ሜትር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ክንድ 73 ሴንቲ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለሸገር 102.1 ደግሞ ጠቅላላው 1.40 ሜትር፣ ክንዱ 70 ሴንቲ ነው። ሁለቱንም መስማት የሚፈልግ 72 ላይ ቢያቆመው ለመስሚያ አይጎዳውም።

ለአማተር ራዲዮ 28.4 ሜጋኸርዝ ጠቅላላው 5.03 ሜትር፣ ክንዱ 2.52 ሜትር ነው። እኔ በሦስት ቱቦ እከፍለዋለሁ። ከመሃል ባለ 25 ሚሜ፣ 1.20 ሜትር። ቀጥሎ ባለ 22፣ 90 ሴንቲ፤ ከዚህ 15ቱ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ባለ 19፣ 80 ሴንቲ። የጫፉ ቱቦ 57 ሴንቲ ብቻ ወጥቶ ነው ልኩ የሚሞላው፤ የቀረው 23 ሴንቲ ለመደራረብና ለማስተካከያ ነው። ለሁለቱ ክንዶች ከባለ 25ቱ 2.40 ሜትር፣ ከባለ 22ቱ 1.80፣ ከባለ 19ኙ 1.60 ይበቃችኋል። ባለሱቁ ቆርጦ አልሸጥም ካለ ሙሉውን ዘንግ ከጓደኛ ጋር ተካፍላችሁ ግዙ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ለመስማት ከሆነ ነው ዝም ብላችሁ የምትሠሩት። ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያውጣ።

አዳማ ውስጥ ቱቦውን ከየት አገኛለሁ?

መጀመሪያ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶችን ጠይቁ። በብዛት ያላቸው አራት ማዕዘን ፕሮፋይል ነው። ክብ ቱቦ ግን ለመጋረጃም፣ ለደረጃ መደገፊያም ስለሚሠሩበት አይጠፋም። ቁራጭ ካላቸው በቅናሽ ይሰጧችኋል። ለእኛ ደግሞ ቁራጭ ማለት ሲሳይ ነው፤ ከአንድ ሜትር ከሃያ በላይ የሆነ ቱቦ ብዙም አንፈልግም።

ሁለተኛው ምንጭ ቆራሌው ነው። ዲሽ ከመጣ ወዲህ ብዙ የድሮ የቲቪ አንቴና ከጣራ ወርዷል። ይህን ስትገዙ ግን ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በርዝመቱ ተመልከቱት። ቀጭን መስመር ከዳር እስከ ዳር ካያችሁ ከላሜራ ተጠቅልሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ ስትሰነጥቁት ይከፈታል፣ ስታስሩትም ይጣመማል። ለመጨረሻው ጫፍ ካልሆነ በቀር ለሌላ አትጠቀሙበት።

አልሙኒየም መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማግኔት ያዙ። ከሳበው ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ብረት ነው፤ ተዉት። ካልሳበው አልሙኒየም ወይም ስቴንለስ ነው። እዚህ ላይ እጃችሁ ይፈርዳል፤ ስቴንለስ በተመሳሳይ ልክ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል።

የትኛው ልክ በየትኛው ውስጥ ይገባል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። የማያያዣው ጥራት የሚወሰነው ቤት ገብታችሁ ሥራ ስትጀምሩ ሳይሆን ሱቁ ውስጥ ቱቦውን ስትመርጡ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ሁለት ጊዜ ቀንሱ፤ የሚቀረው የውስጥ ስፋቱ ነው። ባለ 25 ቱቦ ውፍረቱ 2 ሚሜ ከሆነ ውስጡ 21 ነው። ባለ 20 ቱቦ ሲገባበት 1 ሚሜ ክፍተት ይተርፋል፤ ይንቀጠቀጣል። ውፍረቱ 1.5 ከሆነ ደግሞ ውስጡ 22 ይሆናል። ባለ 22 ቱቦ በወረቀት ላይ ልክክ ያለ ይመስላል፤ በእጅ ግን አይገባም።

የምንፈልገው ክፍተት በጠቅላላው ከ0.2 እስከ 0.6 ሚሜ ነው። ውፍረቱ 1.2 ሚሜ የሆነ ባለ 25፣ ባለ 22፣ ባለ 19 እና ባለ 16 ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ። አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ 0.6 ሚሜ ብቻ ነው የሚተርፈው። ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል በሚሊ ሜትር ልክ ከሚሸጥ ቱቦ መካከል ማግኘት ይከብዳል።

ባለሱቁ «ይሄ ባለ ሃያ ነው» ሲላችሁ በቃሉ አትሂዱ። ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱና ለኩ፤ 20 የተባለው 19.7 ሊሆን ይችላል። ካሊፐር ከሌላችሁ ሁለቱን ቱቦዎች እዚያው አንዱን በሌላው አስገቡና ሞክሩ። የተቆረጠው ጫፍ ተጨፍልቆ ሊያሳስታችሁ ስለሚችል በሌላኛውም ጫፍ ሞክሩት።

በምን ልቁረጠው? ግራይንደር ይሆናል?

ግራይንደር ይቅርባችሁ። ለብረት የተሠራው ድንጋይ አልሙኒየም ሲነካ ይደፈናል። አልሙኒየሙ ይለጠፍበትና ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ይህ እንዲሁ ለማስፈራራት የሚባል ነገር አይደለም። የተሰበረ ዲስክ ዓይን ያጠፋል።

ሴጌቶ፣ ማለትም የብረት የእጅ መጋዝ፣ ይበቃችኋል። ዋናው ነገር የምላጩ ጥርስ ነው። በኢንች 18 ጥርስ ያለው ምላጭ ለስስ ቱቦ አይሆንም፤ ይነክሰዋል፣ ይቀድደዋል። ባለ 24 ጥርስ ለ2 ሚሜ ውፍረት ይሠራል። ከዚያ ለሳሳ ባለ 32 ግዙ። የጥርሱ ቁጥር ምላጩ ላይ ተጽፏል። ጥርሱ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጋችሁ እሰሩት። አልሙኒየም ጥርሱን እየሞላ ስለሚያስቸግር በየመሃሉ ጠብታ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የምንለውን አድርጉበት፤ ሻማ መቀባትም ይሆናል።

ብዙ ቁራጭ ካላችሁ ግን ቱቦውን የገዛችሁበት ቤት አስቆርጡት። የመስኮት ሠሪዎቹ መቁረጫ ማሽን ጥርሱ ለአልሙኒየም የተሠራ ነው፤ በቅጽበት ቀጥ አድርጎ ይጥለዋል። ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡና አጠገባቸው ቁሙ።

በሴጌቶ ስቆርጥ ይጣመምብኛል። እንዴት ቀጥ ላድርገው?

ነጭ ወረቀት በቱቦው ዙሪያ ጠቅልሉ። የወረቀቱ ጠርዝ ከራሱ ጋር ከገጠመ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በእስክሪብቶ አስምሩት። ቱቦውን እንዲሁ ሞርሳ ውስጥ አትጭመቁት፤ ሞላላ ይሆንና ሌላው ቱቦ እምቢ ይለዋል። ጣውላ ላይ በቱቦው ልክ ቀዳዳ አውጡ፤ ከዚያ ጣውላውን በቀዳዳው መሃል ለሁለት ሰንጥቁት። ሁለቱ ግማሾች ቱቦውን አቅፈው ሞርሳው ውስጥ ይገባሉ። ስትቆርጡ ደግሞ ከላይ ጀምራችሁ እስከ ታች አትውረዱ። ጥቂት ቁረጡ፣ ቱቦውን አዙሩ፣ እንደገና ቁረጡ።

ከቆረጣችሁ በኋላ የተረፈውን ስለት ማንሳት ግዴታ ነው። ውጩን በጠፍጣፋ ሞረድ፣ ውስጡን በክብ ወይም በግማሽ ክብ ሞረድ አስተካክሉ። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት። ማለቁን ለማወቅ ትንሽ ጥጥ በጠርዙ ላይ ውስጡንና ውጩን አዙሩ። የጥጡ ክር ከተያዘ አሁንም ስለት አለ። ከዚያ ቱቦውን አቁማችሁ መታ መታ አድርጉት፤ በጨርቅም ጥረጉት። አንዲት ቅንጣት የመጋዝ ብናኝ ሁለት ቱቦዎችን ለዘለዓለም ልታጣብቅ ትችላለች።

የወፍራሙን ቱቦ ጫፍ ለምን እሰነጥቃለሁ? ስንት ስንጥቅ ይበቃል?

ቱቦው ሙሉ ክብ ሆኖ ሳለ ፋሸታ (በብሎን የሚጠብቅ ክብ ማሰሪያ) ብታጠብቁበት አይጠብም። ሲሰነጠቅ ግን ጫፉ እንደ ጣት ይከፋፈልና ፋሸታው ሲጨምቀው ውስጡ ያለውን ቱቦ ይይዛል። ስንት ስንጥቅ የሚለው ደግሞ በግምት የሚመለስ አይደለም፤ ይሰላል። የሴጌቶ ምላጭ ሲቆርጥ 1 ሚሜ ያህል ይበላል እንበል። እያንዳንዱ ስንጥቅ ሲዘጋ የቱቦው ዙሪያ በ1 ሚሜ ያጥራል፤ ዲያሜትሩ ግን በ0.32 ሚሜ ብቻ ነው የሚጠበው። ሁለት ስንጥቅ 0.64 ይሰጣችኋል፤ አራት ስንጥቅ 1.27። ክፍተታችሁ 0.6 ከሆነ ሁለቱ በጭንቅ ይደርሳሉ። ስለዚህ አራት አድርጉ። ክፍተቱ ከ1.2 ካለፈ አራትም አያድኑም፤ ፋሸታውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁ ስንጥቁ ተዘግቶ ያበቃል እንጂ ውስጠኛውን አይነካውም። ፋሸታዬ አይዝም የሚል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቱቦውን ዙሪያ የሚያክል የወረቀት ክር ቁረጡና ሁለት ጊዜ እጠፉት። ስትዘረጉት እጥፋቶቹ አራቱን ቦታ እኩል ይነግሯችኋል። ከጫፉ 3 ሴንቲ ተኩል ገባ ብላችሁ በአራቱም መስመር ላይ በ3 ሚሜ ፑንታ ብሱ። ከዚያ ከጫፉ እስከ ቀዳዳው በሴጌቶ ሰንጥቁ። መጋዙ አንዴ በመሃል ሲወርድ ሁለት ስንጥቅ ይሠራል፤ ዘጠና ዲግሪ አዙራችሁ ስትደግሙት አራት ይሆናል። ቀዳዳው የተበሳው ለጌጥ አይደለም። ስንጥቁ በሹል ጫፍ ካለቀ በነፋስ ሲርገበገብ ከዚያ ጀምሮ ይተረተራል፤ ክቡ ቀዳዳ ግን ያስቆመዋል። ስትሰነጥቁ ውስጡ እንጨት አስገቡበት፤ ጣቶቹ አይጎብጡም።

ፋሸታው ከጫፉ 5 ሚሜ ገደማ ገባ ብሎ ይቀመጥ። የፋሸታው ብሎን ያለበት ክፍል በስንጥቁ ላይ ሳይሆን በሁለት ስንጥቆች መካከል ይሁን።

ስንት ሴንቲ ይደራረብ?

ለወፍራሞቹ 15 ሴንቲ፣ ለጫፉ 10 ሴንቲ። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ነፋስ ክንዱን ሲያወዛውዘው ማያያዣው ላይ ያለው ጫና ይበረታል። ከዚህ በላይ ማስረዘም ግን ጥቅሙ ትንሽ፣ ክብደቱ ብዙ ነው።

ውስጥ የሚገባው ቱቦ ላይ በማይለቅ ማርከር በየሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በሁለቱም ክንድ ከአንድ ዓይነት መነሻ ጀምሩ። ስታስተካክሉ ሁለቱ ክንዶች እኩል መሆናቸውን ሜትር ሳታወጡ ታያላችሁ።

ቱቦው ልል ሆነብኝ። ሌላ ልክ ደግሞ አላገኘሁም። ምን ልሙላበት?

የአልሙኒየም ላሜራ ሙሉበት። የለስላሳ ቆርቆሮ ጣሳ ውፍረቱ 0.1 ሚሜ ገደማ ነው። ክፍተቱ በጠቅላላ 1 ሚሜ ከሆነ በያንዳንዱ ወገን ግማሽ ሚሜ ነው፤ አምስት ዙር መጠቅለል ማለት ነው። ብዙ ዙር ስለሆነ የተሻለው 0.5 ሚሜ ላሜራ አግኝቶ አንድ ዙር ማድረግ ነው። ጣሳ ከተጠቀማችሁ ውጩ ቀለም፣ ውስጡ ቫርኒሽ ነው፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። ነጭ ብረቱ እስኪወጣ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ፕላስቲክ ቴፕ መጠቅለል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ፋሸታው የሚይዘው አፉ ላይ ብቻ ነው። ውስጥ የገባው የቱቦው ጅራት ግን በክፍተቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሙሊቱን ሁለት ቦታ አድርጉ፤ አንዱን ከፋሸታው ሥር፣ ሌላውን ውስጥ ባለው ጅራት ላይ። የጅራቱ ሙሊት እንዳይንሸራተት ጠርዙን ትንሽ ወደ ቱቦው ውስጥ እጠፉት።

የትኛውን ፋሸታ ልግዛ?

ሜካኒኮች የራዲያተር ጎማ የሚያስሩበት ፋሸታ ነው። የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ሙሉ ስቴንለሱን ጠይቁ። ማሰሪያው ስቴንለስ ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነ አለ። ብሎኑን በማግኔት ሞክሩት፤ አጥብቆ ከሳበው ከአንድ ክረምት በኋላ የዛገ ብሎን ነው የምታገኙት፤ ልፍታህ ብትሉትም አይፈታም። ከ16 እስከ 27 የሚለው ለባለ 22 እና ለባለ 25 ቱቦ ይሆናል፤ ከ12 እስከ 22 የሚለው ለባለ 19።

በካቻቢቴ ሳይሆን በ7 ሚሜ መፍቻ አጥብቁት። ካቻቢቴ ያንሸራትታል፤ እጅ ይወጋል። ቱቦው በእጅ ጠምዝዛችሁት አልዞር ሲል በቃ። ከዚያ በላይ መጨከን ስስ ቱቦን ያሰረጉዳል።

ከፋሸታ ይልቅ ሪቬት ባደርግስ?

ሪቬት ቀላል ነው፣ ነፋስም አይፈታውም። ግን አንዴ ከተመታ ማስተካከል የለም፤ በትራፓኖ ማፍረስ ነው። የምመክረው ሁለቱንም ነው። ፋሸታ አድርጋችሁ ልኩን ፈልጉ። ልኩ ከተገኘና ጥቂት ሳምንት ካያችሁት በኋላ 3.2 ሚሜ የአልሙኒየም ሪቬት በዙሪያው ሦስት ምቱ። ጫፉን ግን በፋሸታ ተዉት፤ ነገ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ልትፈልጉ ትችላላችሁ።

ክንዱ መሃል ላይ፣ ከምሰሶው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ቀዳዳ አታብዙ። ጫናው የሚበረታው እዚያ ነው፤ የሚሰበረውም ከቀዳዳው ነው።

ብየዳ ቤት ወስጄ ባስበይደውስ?

አይሆንም። መንገድ ዳር ያለው የብረት ብየዳ አልሙኒየም አይዝም። አርጎን ያለው ባለሙያ ብታገኙም ሙቀቱ የቱቦውን ጥንካሬ በዙሪያው ያላላዋል። ማስተካከያውም አብሮ ይሞታል።

ማያያዣው ውስጥ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። ምንድን ነው? እንዴት ልከላከለው?

የአልሙኒየም ዝገት ነው። አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ውኃ ሲገባበት ደግሞ ያ ነጭ ዱቄት ይመጣል። መፍትሔው የሚገናኙትን ሁለቱንም ፊቶች፣ የአንዱን ውስጥና የሌላውን ውጭ፣ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ፈግፍጎ ወዲያውኑ ቅባት መቀባት ነው። ነገ እሰካዋለሁ ብሎ ማሳደር የለም። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ አትጠቀሙ፤ ቅንጣቱ ይቀርና ይዝጋል።

ቅባቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለአልሙኒየም ሽቦ የሚጠቀሙበት ማያያዣ ቅባት ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ ስስ ቫዝሊን ውኃና አየር ይከለክላል። በአዳማ ሙቀት ቫዝሊን ስለሚቀልጥ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ቅባቱ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ አትጠብቁ፤ የሚያገናኘው ፋሸታው ሲጨምቅ ብረት ከብረት የሚነካካው ነው።

የአንቴናው ገመድ መዳብ ስለሆነ መዳቡን በቀጥታ አልሙኒየም ላይ አትሰሩት። እርጥበት ሲያገኝ አልሙኒየሙ ይበላል። መዳቡን በቆርቆሮ የተለበጠ ጫፍ ላይ በይዱት። በሱና በቱቦው መካከል የስቴንለስ ሮንዴላ አድርጉ፤ በስቴንለስ ብሎንና ዳዶ እሰሩት። በመጨረሻ በሲሊኮን ዝጉት።

አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። እንዴት ላውጣው?

አትምቱት። ሁለቱም ለስላሳ ስለሆኑ ይበልጥ ይነካከሳሉ። ክፍተቱ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሱና አሳድሩት። በማግስቱ የውጩን ቱቦ ብቻ በፍል ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሙቁት፤ ትንሽ ይሰፋል። ከዚያ ሳትስቡ ጠምዝዙት። መዞር ከጀመረ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የተነከሰውን ቦታ ፈልጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱ፤ ካለበለዚያ ስትመልሱት ይደግማል።

የአዳማን ነፋስ ይችለዋል?

አዳማ ነፋሷን የምታውቁት ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 102 ተርባይን ተተክሎበታል። በደንብ የተደራረበና የታሰረ 2.5 ሜትር ክንድ ይችለዋል። የሚገርመው ክንዱን የሚጎዳው ብርቱው ነፋስ ብቻ አለመሆኑ ነው። ለስለስ ብሎ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ቱቦውን እያንቀጠቀጠ በወራት ያደክመዋል። ሲያጉረመርም ከሰማችሁ ያ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በክንዱ ውስጥ ሙሉውን ርዝመት የሚያህል ገመድ ልቅ አድርጋችሁ አስገቡ። ገመዱ መንቀጥቀጡን ይውጠዋል። ከዚያ ጫፉን በፕላስቲክ ክዳን ዝጉት፤ ንብም አይገባበትም፣ አያፏጭም። ከታች በኩል ግን ለጠል ውኃ ማውጫ ትንሽ ቀዳዳ ተዉ።

ምሰሶው ላይ ስታስሩት ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ውስጡ እንጨት አስገቡ። ሁለቱ ክንዶች መሃል ላይ እንዳይነካኩ ለመለየት ወፍራም የፕላስቲክ የሽንኩርት መክተፊያ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሲበሳም አይሰነጠቅም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው። በከተማው መንገድ ዳር የሚያልፈው ከፍተኛው መስመር 15 ሺህ ቮልት ነው። አንቴናውና ምሰሶው ቢወድቁ ሽቦ የሚነኩበት ቦታ ላይ በፍጹም አትትከሉ። የምሰሶውና የአንቴናው ቁመት ተደምሮ አንድ ተኩል ጊዜ የሚያህል ርቀት ይኑር። ብቻችሁን አታንሱት። በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ገመዱን ከራዲዮው ንቀሉ።

በሒሳቡ ልክ ቆረጥኩ፤ የአንቴና መለኪያው ግን ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ያሳየኛል። የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

ስህተት አይደለም። ከመሃል ወፍሮ ወደ ጫፍ የሚቀጥን ክንድ፣ ከአንድ ወጥ ቱቦ ይልቅ ረዘም ማለት አለበት። ልዩነቱ በቱቦዎቹ ስፋትና በእያንዳንዱ ርዝመት ይወሰናል። ጫፉን ረጅም አድርገን የቆረጥነው ለዚህ ነው። በ28 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሁለቱንም ጫፍ አንዳንድ ሴንቲ ስታወጡ ፍሪኩዌንሲው በ110 ኪሎኸርዝ ገደማ ይወርዳል። በኤፍ ኤም ላይ ያው አንድ ሴንቲ ከ1 ሜጋኸርዝ በላይ ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ እዚያ በሚሊ ሥሩ። ሁልጊዜ ሁለቱን ጫፍ እኩል አንቀሳቅሱ። ልኬቱንም አንቴናው በሚቆምበት ከፍታ ላይ ውሰዱ፤ መሬት አጠገብ የሚታየው ቁጥር ሌላ ነው።

የፀሐይ ሙቀት ግን አያሳስባችሁ። የ2.5 ሜትር ክንድ በ30 ዲግሪ ልዩነት የሚረዝመው ከ2 ሚሜ በታች ነው።

ጸጥ ሲል ልኩ ጥሩ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ መለኪያው ይዋዥቃል። የትኛው ማያያዣ እንደሆነ እንዴት ልለይ?

ከማያያዣዎቹ አንዱ ብረት ከብረት በደንብ አልነካም። መልቲሜትር ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም፤ ስትለኩ ደህና መስሎ ይታያል። አንቴናውን አውርዳችሁ እንጨት ላይ ከሰው ቁመት በላይ ዘርጉት። አንድ ሰው አነስተኛ ኃይል ያለው የአንቴና መለኪያውን ይይ። ሌላው በደረቅ እንጨት እያንዳንዱን ማያያዣ በየተራ ይንካ፣ ይግፋ። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ እሱ ነው። ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ መሃል ኑ፤ መሃል ላይ የገመዱን ብሎንም አትርሱ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ማያያዣውን ካገኛችሁ ፋሸታውን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም። ፍቱት። ስንጥቆቹ እስከ መጨረሻው ተዘግተው ከሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ሙሊት ጨምሩ። ስንጥቁ ክፍት ሆኖ ፊቱ ከጠቆረ ወይም ነጭ ዱቄት ካለበት ፈግፍጉና ቅባቱን አድሱ። ከመዝጋታችሁ በፊት የማርከሩ ምልክት ስንት ላይ እንደነበር ጻፉ፤ ስትመልሱት እዚያው ላይ አቁሙት።